ዘፋኟ የት ጋ ነው የቆመችው?

መዶሻ የሚለውን ስም ያወጡለት እናትና አባቱ አይደሉም፤ መንጋጋቸውን የሰበራቸው ሰዎች ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከብሯል። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ቀድሞ የመጣው አውቶቡስ ቀድሞ ይጭናል፣ የዘገየው ይጠብቃል፣ በቃ። መናኸሪያው ውስጥ ግን ሾፌር ሾፌርን ሲቀድም፣ ረዳት ረዳትን በመፍቻ ሲፈነክት፣ ተሳፋሪ በመስኮት ሲገባ ነው የሚዋለው። መዶሻ መሃል ይገባና አንዴ ይናገራል። ሁለተኛው ንግግሩ ቡጢ ነው። «እኔ አንድ ነገር ሁለቴ አልናገርም» ይላል፤ እውነቱን ነው። እጁ ከአፉ ይቀድማል ሲሉት ደስ ይለው ነበር።

ከዚህ ሥራ ያወጣው አንድ የጎማ መፍቻ ብረት ነው። ሁለት ረዳቶች በአንዲት ሻንጣ ተያይዘው ሊገላግል ገባ። የአንደኛውን አንገት በአንድ እጁ፣ የሌላኛውን ደረት በሌላ እጁ ይዞ ሳለ ሦስተኛው ብረት ይዞ መጣ። መናኸሪያው በሙሉ «በግራህ! በግራህ!» እያለ ጮኸ። መዶሻ ጩኸቱን እንጂ ቃሉን ሳይለይ ዞረ፤ የዞረው ግን ወደ ቀኝ ነው። ብረቱ ጉልበቱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር የደረቀ እንጨት እንደሚሰበር ነው የጮኸው ይላሉ ያዩት።

ከሦስት ወር በኋላ ከዘራ ይዞ ሲመለስ ሾፌሮቹ የመሰናበቻ ስጦታ አዘጋጅተው ጠበቁት፦ አንድ አምፕሊፋየርና እስከ ሰው ጉልበት የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች። «እስከዛሬ አንተ ስትጮህ ኖርክ፤ አሁን ቁጭ በልና ይጩህልህ» አሉት። ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ሆዱ ባባ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ሚስቱ ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል ሞታለች። ልጁ ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከሁለት መንገድ ማዶ የራሷ ሱቅ አላት። ከአባቷ ቤት የወጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለምን ወጣች ሲሉት «አንድ ጥፊ መታኋት፣ አኩርፋ ሄደች» ይላል። አራት ዓመት ዓይኑን ሳታይ ከቆየች በኋላ እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረች። ልብሱን አጥባ፣ ምሳ ሠርታ፣ ጥቂት ተቀምጣ ትሄዳለች። ስትቀመጥ ሁልጊዜ ግራ ጎኗን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን ዘወር አድርጋ ነው። እሱ ይህን ቂም ነው ይለዋል። «ልጄ እኮ ጎኗን ሰጥታኝ ነው የምታወራኝ» እያለ ለጎረቤቱ ያማታል።

ጎረቤቱ ሽቦ ይባላል። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ ሽቦ የተባለው ለሥራውም ለቅጥነቱም ነው። ስጦታው በመጣ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሙዚቃው ግድግዳውን ቢያንቀጠቅጥበት ጊዜ ተነስቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?»

ቀና ብሎ ቢያይ መዶሻ ሁለቱንም ስፒከሮች ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል፤ አንደኛው ጥጉ ውስጥ ተቀርቅሯል።

«ምን ችግር አለው? ይሰማል።»

«መሰማቱንማ ማዶ ያሉትም እየሰሙ ነው። ጥግ ላይ ስትወሽቀው ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፣ ቀጭኑ ይታፈናል። ደግሞ ሁለት ያደረጉት እኮ ለጌጥ አይደለም። ቆይ፣ ላሳይህ።»

ሽቦ ስፒከሮቹን አወረደ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቃቸውና በሁለት በርጩማ ላይ አቆማቸው፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ጡሩምባ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል እስክትሆን ድረስ። ሲባጎ አውጥቶ በመሃላቸው ያለውን ርቀት ለካ፤ በዚያው ሲባጎ ከእያንዳንዳቸው እስከ ወንበሩ ለካ። «ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። አንተ ሦስተኛው ጉልቻ ነህ።» ሁለቱንም ፊታቸውን ትንሽ ወደ ወንበሩ አዞረ። ባዶው ግድግዳ ድምፁን መልሶ እንዳይወረውር ብሎ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለበት። ከዚያ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱ በራ።

«ና፣ ቁጭ በል። ዓይንህን ጨፍን። ጊታሩን በግራህ ታገኘዋለህ፣ ፒያኖውን በቀኝ። ከበሮው ከኋላ ራቅ ይላል። ዘፋኟ ደግሞ እዚህ፣ ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊትህ ትቆማለች። እጅህን ብትዘረጋ የምትነካት ነው የሚመስልህ።»

መዶሻ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቀ።

ዘፋኟ በቀኝ ነበረች። ፒያኖውም በቀኝ፣ ከበሮውም በቀኝ። ሁሉም ነገር ቀኝ ጆሮው ሥር ተከምሯል። ጊታሩ ከሩቅ፣ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ያህል፣ ይሰማል አይሰማም።

«የግራው አይሠራም» አለ።

ሽቦ ሄዶ ጆሮውን ለጠፈበት። «ይሠራል እኮ።»

«አይሠራም አልኩህ!»

ሽቦ ሽቦዎቹን አቀያየረ፤ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ። አሁን ጊታሩ ቀኝ ገባና ፒያኖው ጠፋ። ዘፋኟ ግን ከቀኝ አልተነቃነቀችም።

«አሁንስ?» አለ ሽቦ ፈገግ ብሎ። «መሃል ገባችልህ?»

ፈገግታው ነው ያበላሸው። መዶሻ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ተስቆበት ዝም ብሎ አያውቅም። ደሙ ፈላ። ሾፌሮቹ የተበላሸ ዕቃ እንደሰጡት፣ ይሄ ቀጫጫም ከእነሱ ጋር ሆኖ እንደሚያላግጥበት ታየው። ከወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱን አላስታወሰውም። ሽቦን በአንገቱ አንቆ ከግድግዳው አጣበቀው። ብርድ ልብሱ ከእነ ሚስማሩ ወረደ።

«ትስቅብኛለህ? እኔ ላይ?»

«ጋሼ... ልቀ—»

ቡጢው አፉ ላይ አረፈ። ሽቦ በርጩማውን ይዞ ወደቀ፤ ስፒከሩም አብሮት ወደቀ፤ ዘፋኟ መሬት ላይ ተጋድማ መዝፈኗን ቀጠለች። መዶሻ ጎንበስ ብሎ በሸሚዙ አንጠልጥሎ አነሳውና ደገመው። ደም ብርድ ልብሱ ላይ ተረጨ። ሽቦ እንደ ምንም ብሎ ከሥራ ያስወጣችውን የተሰበረች ጉልበት በእርግጫ መታት። መዶሻ እየጮኸ ተንበረከከ። በዚያች ቅጽበት ሽቦ እየዳኸ ደጃፉ ላይ ደረሰ፤ መዳፉ ላይ አንድ ጥርስ ተፋ፣ አየው፣ አለቀሰ።

«ስፒከሩ አይደለም!» አለ በደም በተሞላ አፉ። «አንተ ነህ! ቀኝ ጆሮህን ድፈነውና ስማ! የት አባክ እንደምትሰማ አያለሁ!»

በሩን ወርውሮት ሄደ።

መዶሻ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም እንደማያየው እርግጠኛ ሆኖ ጣቱን ቀኝ ጆሮው ውስጥ ከተተ።

ቤቱ ጭጭ አለ። የወደቀው ስፒከር ጥቁር ሽፋን ከበሮው በመታ ቁጥር ሲንቀጠቀጥ በዓይኑ ያየዋል፤ ድምፅ ግን የለም። ጣቱን አወጣ፤ ዘፋኟ መጣች። መልሶ ከተተ፤ ሄደች። ብዙ ጊዜ እንደዚህ አደረገ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ በመብራት አየችው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍታ ፈተነችው፣ ወረቀት ላይ የተሠመረ ነገር አሳየችው።

«የግራው ሞቷል» አለችው። «የቅርብ ጊዜ አይደለም። ልጅ እያሉ በኃይል ተመተዋል?»

«እኔ እኮ ተራ አስከባሪ ነኝ፣ ስንቱ መትቶኛል።»

«ከዚያም በፊት ይመስለኛል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀኝ እጁ በጥፊ ሲመታ የሚያርፈው ግራ ጆሮ ላይ ነው። በልጅነት የሄደ ጆሮ ባለቤቱም አያውቀውም፤ በአንዱ ይለምዳል። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት። ለዚያ ሁለት ያስፈልጋል።»

«ታዲያ በስንት ዓመቴ ልወቀው?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ» አለችና አዘነችለት።

መንገድ ላይ ትዝ አለው። አባቱ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ መዳፉ ጣውላ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ዝናብ አባርቶ፣ አባቱ የተሸከመውን ይዞ ጭቃ ላይ አዳልጦት ተዘረጋ። ልጁ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ነው መሬት የተገኘው። ሳምንት ሙሉ ጆሮው ውስጥ ፉጨት ነበር። ከዚያ ፉጨቱ ጠፋ፤ ዳንኩ አለ። አልዳነም ነበር። ፉጨቱን የሚሰማውም ነገር አብሮ መጥፋቱ ነው።

አባቱ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። መዶሻ የሚመታ ሰው አጣ። ዕድሜውን በሙሉ ሲናደድ ከፊቱ የሚቆም ፊት ነበረው፤ አሁን ግን ንዴቱን ይዞ የት ይግባ? ከቤቱ ጓሮ ዲጂኖ አንስቶ፣ አንድ እጁን በከዘራ፣ አንድ እጁን በብረት እያነከሰ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት መቃብሩ ድረስ ሄደ። ድንጋዩን አገኘው። ከዘራውን ጥሎ ዲጂኖውን በሁለት እጁ አነሳና በአባቱ ስም ላይ አሳረፈው። እሳት በረረ። ደገመው፤ የድንጋዩ ጫፍ ተቦድሶ ፊቱን ቆረጠው። «ሳቅኩ! ሳቅኩ እንጂ ምን አደረግኩህ!» እያለ ይደበድባል።

የመቃብር ጥበቃው፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ሮጦ መጣና ምንም ሳይጠይቅ በዱላ ወገቡን አለው። መዶሻ ዞረ፤ እንደ ልማዱ በተሳሳተው በኩል። ሽማግሌው ሁለተኛውን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ተያያዙ። ሁለት እግረ ደካማ ሰዎች እየተንገዳገዱ፣ አንዱ የሌላውን ኮት እየቀደደ፣ ተያይዘው ወደቁና ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው እዚያው ቁጭ አሉ።

«ሙት ይደበደባል እንዴ? ማነው እሱ?» አለ ሽማግሌው እያለከለከ።

«አባቴ ነው።»

«የእኔም እዚያ ማዶ ነው የተኛው። እንዳንተ ቢሆንማ እስካሁን አፈር አድርጌው ነበር።»

«አፈርማ ሆኗል እኮ።»

ሽማግሌው ድንጋዩን አየ፣ መዶሻን አየ። «እንግዲያ ማንን ነው የምትቀጠቅጠው?» አለና ዲጂኖውን ቀምቶት ወደ በሩ ሸኘው።

እሑድ ልጁ መጣች። ዕቃ ስታገባ ስታወጣ፣ የአባቷን የተቆረጠ ፊትና የደም ጠብታ ያለበትን ብርድ ልብስ አይታ ምንም አላለችም፤ ከለመደችው ቆይታለች። መዶሻ ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲያብሰለስል ነበር የሰነበተው። ስፒከሮቹን ሽቦ እንዳሳየው አድርጎ፣ በሲባጎ ለክቶ፣ መልሶ አቁሟቸዋል። እሱ መሃሉን አይሰማም፤ ይሁን። ግን ሁለት ጆሮ ያለው ሰው እዚያ ቦታ ተቀምጦ ምን እንደሚመስል ቢነግረው ምን አለበት? ለጆሮው ማዘን አይችልበትም፤ ያጣውን ማወቅ ግን ፈለገ።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ተቀመጠች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም፤ እሱ ባለበት ቤት ዓይኗን ጨፍና አታውቅም። ሁለቴ ሲለምናት ጨፈነች። ዘፈኑን ከፈተ።

«ዘፋኟ የት ጋ ነው የቆመችው? በእጅሽ አሳዪኝ።»

ልጁ እጇን አነሳች። በቀኝ በኩል አመለከተች።

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም።»

«መሃል አይደለችም? እዚህ?»

«እዚህ ናት» አለች፤ ጣቷ አሁንም በቀኟ ነው።

መዶሻ ቀስ ብሎ ገባው። ሁልጊዜ ግራ ጎኗን ለግድግዳ የምትሰጠው፤ ሲያወራት ፊቷን የምታዞረው። ስትሸሸው አልነበረም ለካ፤ ልትሰማው ነበር።

«ግራሽ...» አለ።

ልጁ ዓይኗን ገለጠች። ተነስታ ሙዚቃውን ዘጋች።

«ዘጠኝ ዓመቱ» አለች። «ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ አልከኝ። የስፌት መኪናው እየሠራ ነበር፣ አልሰማሁህም። ከኋላዬ መጥተህ በትከሻዬ አዞርከኝና መታኸኝ። መኪናው ላይ ወድቄ ስነሳ ደግመህ መታኸኝ። አንዴ አይደለም አባዬ፤ ለሰው አንዴ ነው የምትለው። አራት ጊዜ ነው። ደም ከጆሮዬ ሲወርድ ታጠቢ አልከኝ። ለምን አልሰማሽኝም ብለህ ነው መስሚያዬን የወሰድከው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህስ? ሌላውን ልትወስድ?»

«የእኔም የለም» አለ መዶሻ። «ግራው። ባለፈው ሳምንት ነው ያወቅኩት። አባቴ ነው።»

ልጁ አየችው።

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?» አለች። «ላልቅስልህ?»

መዶሻ ራሱን ሊይዝ ነው ሁለት እጆቹን ያነሳው። ፊቱን ሊሸፍን። ሌላ አላሰበም። እሷ ግን ያንን እጅ ከፍ ሲል የምታውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከወንበሩ ጎን የተደገፈውን ከዘራ እንዴት እንዳነሳችው አላወቀችም። በሙሉ ኃይሏ የቀኝ ክንዱን መታችው። ቋ አለ። ደገመችው። ሦስተኛው ትከሻው ላይ አረፈ፤ ከዘራው ለሁለት ተሰበረ። የተረፈውን ስንጣሪ እንደ ጩቤ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆመች።

«ና! ና እስቲ አሁን ምታኝ!»

የግራ እጁ በልማድ ጨብጦ ነበር። መዶሻ ወደ ታች አይቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ቀኙ ከክርኑ በታች ተጣሞ ተንጠልጥሏል።

«ልመታሽ አልነበረም» አለ።

«በምን ልወቅ?»

በምን ታውቅ? ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ስንጣሪውን እንደያዘች አለቀሰች፤ ለማንም እንዳልሆነ፣ ከእልህ የሚመጣ ልቅሶ። ሲወጣላት ፊቷን በቀሚሷ ጠረገችና «ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችው። በነጠላ ጫማው ወሰደችው። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም፤ ሲያነክስ ግን ትጠብቀው ነበር።

ሐኪሟ ክንዱን በጄሶ እያሰረች «ማነው የመታዎት?» አለችው።

«ልጄ ናት።» ከዚያ በአገጩ ወደ ልጁ እያመለከተ «የእሷንም ጆሮ እዪልኝ። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ልጁ አልታይም ብላ ወጣች። ዘጠኝ ዓመት ያወቀችውን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። በቀጣዩ እሑድም፣ ከዚያ በኋላም ለሦስት ወር አልመጣችም።

መዶሻ ጄሶው ሳይፈታ ወደ ሽቦ ሱቅ ሄደ። ሽቦ ሲያየው መዝጊያውን ከውስጥ ቀረቀረ።

«ክፈት፣ አልነካህም።»

«ባለፈውም አልነካህም ብለህ ነበር?»

«ምንም አላልኩም ነበር። አሁን ግን እያልኩ ነው። ና ውጣና የጥርስህን ብድር መልስ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ።»

ሽቦ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ወጣ። ዙሪያውን አየ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ወሰደና በሙሉ ኃይሉ ጉንጩን አጋለው። መዶሻ ፊቱ ትንሽ ዘወር አለ እንጂ አልተነቃነቀም። ሽቦ ግን ጣቱን በብብቱ ወሽቆ መንገዱ ላይ ይዘል ጀመር። «ይሄ ፊት ነው ወይስ ግንብ! ጣቴን ሰበርከኝ፣ አሁንም አንተው መታኸኝ!» እያለ ተሳደበ። መንገደኛ ቆሞ ሳቀ። ያንን የሰማ መዶሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ማን እንደሆነ ዞሮ አልፈለገም።

ጥርሱን ሽቦ ይቅር አላለውም። እስከ ዛሬም ሲያወራ በክፍተቱ የሚገባውን ነፋስ እየጠራ ይወቅሰዋል። ነገር ግን የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ አልተውም ብሎ አንድ ከሰዓት መጣ። አምፕሊፋየሩን ፈትቶ የግራውንና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቀላቸው፤ ሁለቱም ስፒከር ሙሉውን ዘፈን እንዲያወጣ።

«መሃል አታገኝም» አለው። «የሌለህን ጆሮ በሽቦ አልሠራልህም። ግን ጊታሩ ከእንግዲህ አይጠፋብህም።»

መዶሻ ተቀምጦ ሰማ። ጊታሩ ነበረ። ዘፈኑ አንድ ቦታ ላይ የተከመረ ነው፤ ያም ሆኖ የጎደለ የለውም። እሱም ሆነ ልጁ ሲቀመጡበት የሞተው ግራቸው ለግድግዳው እንዲሆን ወንበሩን ወደ ግራው ግድግዳ ወሰደው።

ልጁ በአራተኛው ወር መጣች፤ ብቻዋን አልነበረችም። አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ በምድጃ የተለበለበ ወጣት፣ አብሯት ነበር። ልንጋባ ነው አለች፤ ለማስፈቀድ ሳይሆን ለማሳወቅ። መዶሻ ሲቀመጡ አየ፤ ልጁ ግራዋን ለግድግዳ ሰጠች። ጄሶው ወጥቷል፤ ክንዱ ግን ተጣሞ ነው የገጠመው፣ ኩባያ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።

ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ። «ስማ ልጄ» አለው ዳቦ ጋጋሪውን። «የእሷ ግራ ጆሮ አይሰማም። እኔ ነኝ የመታኋት። አራት ጊዜ። ከግራዋ ሆነህ ጠርተህ ዝም ብትልህ ንቃህ አይደለም። ዞረህ በቀኟ ጥራት።»

ልጁ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ዳቦ ጋጋሪው ኩባያውን አስቀመጠ።

«ነግራኛለች» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ዛሬ የመጣሁት አንዴ ልመታዎት አስቤ ነበር።»

«እና?»

«ክንድዎን ሳየው እጄ አልነሳ አለኝ።»

መዶሻ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለው ሰው በእግሩ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። አሁን ደሙ ሲፈላ ተሰማው፤ እስኪበርድ ጠበቀ። ጊዜ ወሰደ። ሁለቱም ሲጠብቁት ያያል።

«ያሰብከውን ሳትነግረኝ ብትቀር ነበር የማልወድህ» አለ በመጨረሻ።

«ሁለታችሁም ዝም በሉና ብሉ» አለች ልጁ፤ ሳህኑን በመሃላቸው አስቀመጠች። «ይቀዘቅዛል።»